አትተንፍሱ

አርባ ዓመት ቆሜያለሁ ከካሜራ ኋላ፣
ፒያሳ፣ ምድር ቤት፣ በቀይ አምፖል ጥላ።
ሙሽራና ሚዜ፣ ተመራቂ ጎበዝ፣
ጥርሱን የሚደብቅ፣ ዓይኑን የሚያፈዝ፣
«ቀና በሉ» እያልሁ፣ «አገጭ ዝቅ» እያልሁ፣
«አሁን አትተንፍሱ!»
ስንቱን ሰው ትንፋሹን አስይዤ አቆየሁ።

ማታ ማታ ደግሞ በሾለ እርሳሴ
ጠባሳ አጠፋለሁ፣ ጸጥ ብዬ ለራሴ።
የሰው ፊት ማሳመር ነበረ እንጀራዬ፤
ልብ የሚሉትን ግን አላየም ካሜራዬ።

ዘንድሮ ነው እንግዲህ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ
ዳገቱን ስወጣ፣ ደረቴ ላይ መጥቶ ተቀመጠ ድንጋይ።
ቆምሁ። ሱቅ የማይ መሰልሁ፣ ዕቃ የማማርጥ፤
ሱቁ ግን ፈርሷል፤ ቆርቆሮ አጥር ነው ፊቴ ያለው፣ ፍጥጥ።
«እማማ፣ ልያዝዎት?» አለኝ አንድ ጎረምሳ።
«ተወኝ፣ እያየሁ ነው፤ የነበረውን ፒያሳ።»

ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ ሊፍቱ አይሠራም።
(ልብ በሉ፣ የልብ ክሊኒክ ነው። ይሁን፣ አላማርርም።)
ዶክተር ኤፍራታ በእስክርቢቶ ልብ ሣለች፣
ዙሪያውን ቧንቧ በቧንቧ አድርጋ፣ «ይኸውልዎ፣ እማማ ፈትለወርቅ» አለች።
«ሳልወጋ፣ ሳልከፍት የማይበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም፤
ልምረጥልዎ፣ ወይስ ይመርጣሉ? እኔ አልቸኩልም።»

የሚሮጥ ምንጣፍ አለ፤ ቢሄዱ ቢሄዱ የማያደርስ።
«እሱንስ አውቀዋለሁ» አልሁ፣ «የጡረታ ቢሮ ስመላለስ።»
ሳቀች።
ሲቲውን ስታነሳ ግን ፊቷ በራ፣
ባለስቱዲዮው ሙሴ ሃጎፕ የቀለም ማሽን ያስገባ ቀን እንዲያ ነበር፣ ሲኮራ።
«ትንሽ ቀለም በክንድዎ ይገባል፣ ይሞቅዎታል፤
ቧንቧው አንድ በአንድ፣ ጥበቱ ከነልኩ ይታያል።»
ቀለም! አርባ ዓመት ጥፍሬን የበላው ኬሚካል
ደግሞ በደሜ ሊሄድ? ዋጋውን ስትነግረኝማ ልቤ ያለ ምርመራ ተናግሯል።

ሌላው በጄልና በድምፅ ነው፤
ሆድ ያለ ልጅ የሚታይበት፣ ያው ነው።
እኔ ያንን ወደድሁ። ልቤን ሲሠራ ማየት አማረኝ፤
የቆመ ምስልማ ሞልቶኛል፣ አልጋዬ ሥር ካርቶን ሙሉ አለኝ።

«ለእናትሽስ የቱን?» አልኋት።
እስክርቢቶው ቆመ።
ታች ረዳቱ «ለገሃር፣ ለገሃር» ይላል፣ አንድ ሰው ጎደለኝ ይላል።
«ለራሴ ቢሆን ሲቲ። ለእናቴ...» ወረቀቱን አጠፈች፣ ዘረጋች፣
«ሲቲው ክፍል እኔን ያስወጡኛል፤ እናቴ ብቻዋን ትገባለች።
በዚህኛው ግን እጇን እይዛለሁ።»

አልጋው ላይ ወጣሁ።

ጄሉ የሐምሌ ውሃ ነው። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው።
ግራጫ፣ ከዴቨሎፐር ቶሎ የወጣ ፎቶ፣ እኔ ብሆን የምጥለው።
ግን ውስጡ አንድ ቀጭን ነገር ይከፈታል፣ ይዘጋል፣
ቀና በል ቢሉት አይሰማ፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል።
ስድሳ አምስት ዓመት ሙሉ፣ እኔ የሰው ትንፋሽ ሳስይዝ፣ ሰው ጸጥ ሳሰኝ፣
እሱ አንዴም አልተቀመጠ፤ አንዴም «አንሺኝ» አላለኝ።

«እዚህ ጥግ ላይ ግድግዳው ትንሽ ዳተኛ ነው» እያለች በጣቷ አሳየች፤
እጄ ኪሴ ገባች፣ እርሳስ ፈለገች።
«ምን ጠፋብዎት?»
«ምንም።»

ምርጫዬን ሰጠችኝ፣ ምርጫዋን ግን አልተወችም፤
«ቧንቧውን ይህኛው አያሳየኝም።
ማክሰኞ ለሲቲው ይምጡ፤ ስለ ዋጋው እነጋገርልዎታለሁ፣
በሩ ላይም እቆማለሁ።
አይፍሩ፣ ማሽኑ ራሱ ይነግርዎታል፤
‹አየር ይሳቡ፣ ይያዙ፣ አይተንፍሱ› ይላል።»

ሳቅሁ። ደረቴን ይዤ ሳቅሁ፤ ልጅቷ ደነገጠች።
ሙሽሮቹን ሁሉ የት አይታ ታውቃለች?
ደረጃውን በግድግዳው ተደግፌ ወረድሁ፤
ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ የተሰበረው መስኮት ጋ ቆሜ፣
ለማክሰኞ ብዬ፣ ደህና አድርጌ ተነፈስሁ።